የሞተራችሁን ጭስ ማውጫ በሙቀት ፋሻ ከመጠቅለላችሁ በፊት

ያለፈው ዓመት የፋሲካ ማግስት ነበር። የእህቴን ልጅ ከኋላዬ አስቀምጬ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር አዞርኳት። ስምንት ዓመቷ ነበር። ግቢ ገብተን ሞተሩን አጥፍቼ መቆሚያውን ሳወርድ፣ እሷ ቸኩላ በቀኝ በኩል ወረደች። የባቷ ውስጠኛ ጎን ጭስ ማውጫውን ነካው። ነካው ነው የምላችሁ፤ አልተጫነውም፣ አልቆየም። ግን እንቁላል የምታህል ቦታ ወዲያው ነጣች፣ ከዚያ ቀላች፣ ማታ ላይ ውሃ ቋጠረች።

ከቤት አንዱ የጥርስ ሳሙና ይዞ ሮጠ፣ ሌላው ቅቤ። ሁለቱንም ከለከልኩ። ቃጠሎ የሚፈልገው ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ ነው፣ እሱም ለ20 ደቂቃ ያህል። ቅባት ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፣ ቁስሉንም ያቆሽሸዋል። ልጅቷ አሁን ደህና ናት። ምልክቱ ግን ባቷ ላይ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ይሰማኛል።

በዚያው ሳምንት ጭስ ማውጫውን በሙቀት ፋሻ፣ ማለት ሙቀት በሚችል ረጅም የጨርቅ ጥቅል፣ ልጠቅልለው ብዬ ተነሳሁ። ሞተሬ 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትነዱት ዓይነት። ጓደኞቼን ስጠይቅ አንዱ «ጉልበት ይጨምራል» አለኝ፣ ሌላው «ሞተሩን ያቃጥለዋል»፣ ሦስተኛው «አይ፣ ለውበት ነው እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም»። ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። ሥራውን ስጀምር ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ነገር አወቅኩ። መጠቅለሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ገንዘብና እንቅልፍ የሚያሳጣው ማውለቁ ነው።

ቱቦው ምን ያህል ይግላል?

ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ተቃጥሎ በቫልቩ በኩል ሲወጣ ጭሱ ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ብረቱ ራሱ ያን ያህል አይግልም፣ ምክንያቱም ውጪው ነፋስ ያገኘዋል። ቢሆንም ከቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይኛው ክዳን) አጠገብ ያለው ክፍል ሞተሩ ሲሠራ ከቆየ ከ300 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። እግራችሁ አጠገብ ከምጣድ የበለጠ የጋለ ነገር ይዛችሁ ነው የምትሄዱት ማለት ነው። 70 ዲግሪ የደረሰ ብረት ቆዳን ለማቃጠል አንድ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

ቱቦው የት የት ላይ እንደሚግል ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ ቀለሙን ማየት ይበቃል። ብረት ሲግል ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል። ተራ ብረት 220 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ 280 ላይ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ 300 ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። አይዝጌ ብረት እነዚህን ቀለሞች የሚያሳየው ከዚህ ከፍ ባለ ሙቀት ነው። አሁን ወጥታችሁ ሞተራችሁን ብታዩት፣ ከቴስታታው ወጥቶ መጀመሪያ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያንን ሰማያዊ ሳታገኙት አትቀሩም።

ፋሻው የሚሠራው ሥራ

ፋሻው ብርድ ልብስ ነው። ሙቀት አይፈጥርም፣ አያጠፋም። ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ጭሱ እንደጋለ እስከ ማርሚታው፣ ድምፁን እስከሚያፍነው የመጨረሻው ወፍራም ክፍል፣ ይጓዛል። የጋለ ጋዝ ደግሞ ይቀላል፣ ይፈጥናል። በእሽቅድምድም መኪና ላይ ይህ ትርጉም አለው፤ ሞተሩ ኮፈን ውስጥ ስለታፈነ ቱቦው የሚተፋው ሙቀት ሞተሩ የሚስበውን አየር ያሞቀዋል። ሞቃት አየር ኦክስጅኑ ሳሳ ያለ ነው፣ ስለዚህ ጉልበት ይቀንሳል። ሙቀቱን ቱቦው ውስጥ ማቆየት እዚያ ይረዳል።

የእኛ ሞተር ግን ኮፈን የለውም። ቱቦው ሜዳ ላይ ነው፣ ነፋስ ይመታዋል። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ከፋሻ ጉልበት የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡን ለሰርቪስ ቢያውለው ይሻላል። አዲስ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እና ንጹህ የአየር ማጣሪያ የተሻለ ልዩነት ያመጣሉ።

ለእግር ግን በእርግጥ ይጠቅማል። ድስት ከእሳት ስናወርድ በጨርቅ እንደምንይዘው ነው። ድስቱ አልቀዘቀዘም፣ ጨርቁ ግን ሙቀቱን ወደ እጃችን ቀስ አድርጎ ነው የሚያሳልፈው። የተጠቀለለ ቱቦም ላዩ ይሞቃል፤ እጃችሁን ብታሳርፉበት ያቃጥላችኋል። ግን ነክቶ ማለፍና ነክቶ መቃጠል ይለያያሉ። የባት ቆዳ ለግማሽ ሰከንድ ሲነካው የሚደርስበት ጉዳት በጣም ይቀንሳል። እኔ የፈለግኩትም ይህንኑ ነበር። ከዚህ ሌላ በአጠገቡ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሽቦን፣ የዝናብ ሱሪን፣ በጎን የተንጠለጠለ ቦርሳን ከመቅለጥ ያድናል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ሙቀቱ ወደ ውጭ ካልወጣ የት ይሄዳል? ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ያለ ፋሻ ነፋስ ሲያቀዘቅዘው የነበረው ቱቦ አሁን ወደ ጭሱ ሙቀት ይጠጋል። ተራ ብረት ከ500 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ እየተላጠ ይሳሳል። ሁለተኛው ዋጋ ውሃ ነው። ፋሻው ዝናብ ሲመታው ውሃውን ይጠጣዋል። ሞተሩን ወዲያው ካጠፋችሁትና ካደረ፣ እርጥብ ጨርቅ በብረት ላይ አስራችሁ አስተኛችሁት ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ በዝናብና በጭቃ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዝገቱ ደግሞ ከፋሻው ሥር ስለሆነ አይታይም። ቀዳዳው ሲከፈት ነው የምትሰሙት።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ። ቱቦው አይዝጌ ብረት ነው? እንግዲያው ግቡበት። ተራ ብረት ከሆነ ዕድሜው እንደሚያጥር አውቃችሁ ግቡበት። ክሮም የተቀባና የምትወዱት ከሆነ ተዉት። ክሮሙ ከፋሻው ሥር ቀለሙ ይበላሻል፣ ፋሻው ሲወልቅ ወደ ድሮው አይመለስም። ከቱቦው ላይ በቡሎን የሚታሰር የቆርቆሮ ከለላ ለሞተራችሁ ካገኛችሁ፣ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው እሱ ይሻላል። በቱቦውና በቆርቆሮው መካከል አየር ስለሚያልፍ ብረቱም አይታፈንም፣ ውሃም አይጠራቀምም። እኔ ለሞተሬ የሚሆን ስላጣሁ ነው ወደ ፋሻው የሄድኩት።

ጨርሶ የማይጠቀለል ነገርም አለ። ማርሚታው አይጠቀለልም። አዳዲስ ሞተሮች ላይ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር አይጠቀለልም፤ እሱ ራሱ ሙቀት የሚፈጥር ዕቃ ስለሆነ ከታፈነ ከልክ በላይ ግሎ ሊበላሽ ይችላል። ኦክስጅን ሴንሰር ያላቸው ሞተሮች ላይ ሴንሰሩም ሽቦውም ከፋሻው ውጪ መሆን አለባቸው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላችሁ ደግሞ፣ ሆዱ ሰፋ ያለው ጭስ ማውጫ የተሠራው ለተወሰነ የጭስ ሙቀት ነው። የድምፅ ሞገድ በጋለ ጋዝ ውስጥ ይፈጥናል። ሙቀቱን ስትለውጡ ሞገዱ ወደ ሲሊንደሩ የሚመለስበት ጊዜ ይዛነፋል፣ ሞተሩም ጉልበት የሚሰጥበት ዙር ይቀየራል። እንዲህ ዓይነቱን አትንኩት እላለሁ።

ከምን ይሠራል?

ገበያ ላይ ያለው በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፋይበር ግላስ ነው፣ ነጭ ወይም ጥቁር። ርካሹ እሱ ነው። 500 ዲግሪ አካባቢ ያለችግር ይችላል፤ ሲቆይ ግን እየተሰባበረ ይበናል። ሁለተኛው ወርቃማ ቡናማ መልክ ያለው ነው። «ታይታኒየም» ብለው ይሸጡታል፣ ነገር ግን ከታይታኒየም አልተሠራም። የተሠራው ከባዛልት ድንጋይ ነው። ባዛልት ማለት ለቤት መሠረት የምናስገባው ያ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ደጋው አገራችን የቆመበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ከ1,400 ዲግሪ በላይ አቅልጠው እንደ ክር ይስቡትና ይሸምኑታል። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የተገረምኩት፤ ድንጋይ ተፈትሎ ጨርቅ ሲሆን። ከፋይበር ግላሱ የበለጠ ሙቀት ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ ዋጋውም እንዲሁ።

አንድ ነገር አደራ። ከድሮ ዕቃ መሃል የተገኘ ግራጫ ወይም ነጭ የአስቤስቶስ ጨርቅ ወይም ገመድ «ይሄ ይሻላል» ብሎ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ አትቀበሉ። አስቤስቶስ ሙቀት ይችላል፣ እውነት ነው። ብናኙ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በነፃ እንኳ ቢሆን አይሆንም።

ስንት ሜትር ያስፈልጋል? ስሌቱ ቀላል ነው። የእኔ ቱቦ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ዙሪያው 9.4 ይሆናል። የሚጠቀለለው ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር። ፋሻው 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ አንዱ ዙር በሌላው ላይ 1.5 ሲደረብ በየዙሩ 3.5 ወደፊት ይሄዳል። 60ን ለ3.5 ስታካፍሉ 17 ዙር ገደማ። 17 ዙር፣ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ 1 ሜትር ከ70። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚደረበውን ጨምራችሁ 2 ሜትር ተኩል ካላችሁ ይበቃል። ሱቁ 10 ሜትር ጥቅል ብቻ ካለው፣ ከሦስት ጓደኛ ጋር ተካፈሉት።

ማውለቁ፣ ዋናው ጉዳይ

ቱቦው ከቴስታታው ጋር የሚገናኘው በሁለት ዳዶዎች ነው። ዳዶዎቹ የታሰሩበት ቡሎን ጭንቅላት የሌለው፣ ግማሹ ቴስታታው ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ነው። ቴስታታው አልሙኒየም፣ ዘንጉ ብረት። ለዓመታት በየቀኑ ሲግልና ሲቀዘቅዝ፣ ጭቃና ውሃ ሲረጨው፣ ሁለቱ ይጣበቃሉ። እዚህ ላይ በጉልበት የሚመጣ ሰው ዘንጉን ይቆርጠዋል። እኔ ቆርጬዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ያለ ምንም ዝግጅት፣ ረጅም ቁልፍ ይዤ ገባሁ። የመጀመሪያው ዳዶ እየጮኸ ተፈታ። ሁለተኛው ግማሽ ዙር ያህል ዞረና ድንገት ለሰለሰ። ያንን ልስላሴ አንዴ የቀመሰው ሰው አይረሳውም፤ ዳዶው የተፈታ ይመስላል፣ ግን ዘንጉ ነው የተበጠሰው። ከቴስታታው ጋር እኩል ሆኖ ተቆርጦ ቀረ። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ በድሪል ሲበሱት መሃሉን ስተው አልሙኒየሙን ነኩት። በመጨረሻ ያዳነኝ ሌላ ሰፈር ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። በተረፈው ጉቶ ላይ አዲስ ዳዶ አስቀምጠው በውስጡ በኩል ከጉቶው ጋር በየዱት። ከዚያ ትንሽ ጠበቁና በቁልፍ ቀስ ብለው ሲያዞሩት ወጣ።

«ልጄ፣ ይሄ በጉልበት አይፈታም» አሉኝ። «ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። አልሙኒየም ግን የእጥፉን ያህል ይሰፋል። ሲሰፋ ይለቅልሃል። ሙቀቱን ተጠቀምበት።»

«ጋሼ፣ ታዲያ መጀመሪያም አሙቄ ብፈታው ኖሮ አይቆረጥም ነበር?»

«ሙቀትም ቅባትም ትዕግስትም። ሦስቱም።»

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ ሞተሩ ጨርሶ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ዳዶዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጥርሱ እስኪታይ እፈገፍጋለሁ። ከዚያ የዝገት ማላቀቂያ ቅባት እረጫለሁ፣ ደብሊውዲ 40 ወይም የመሰለውን። ማታም እደግመዋለሁ፣ በማግስቱም። ቅባቱን በጋለ ቱቦ ላይ በፍጹም አትርጩ፣ ይቀጣጠላል።

በሥራው ቀን ቅባቱን በደንብ እጠርገውና ሞተሩን ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ አስነስቼ አጠፋዋለሁ። የቀረው ቅባት ትንሽ ይጨሳል። ቴስታታው ሞቅ ሲል ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጌ ዳዶውን እሞክረዋለሁ። ቁልፉ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ዳዶውን ሙሉ ዙሪያውን የሚያቅፍ መሆን አለበት፤ አፉ የተከፈተ ቁልፍ የዛገ ዳዶን ጠርዝ ይልጣል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ ዳዶው ብዙ ጊዜ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ቁልፍ ይወስዳል። መጀመሪያ ወደ መፍታት አትሂዱ። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ማጥበቅ ግፉት። ዝገቱ ሲሰበር «ጠቅ» ይላል። ከዚያ ሩብ ዙር ፍቱ፣ ትንሽ መልሱ፣ ቅባት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። ከከበደ አቁሙ፣ ቡና ጠጡ፣ ተመለሱ። ዘንጉ ከዳዶው ጋር አብሮ ተፈትቶ ከወጣ አትደንግጡ፣ ይህ ጥሩ ነው።

ዳዶዎቹ ከላሉ በኋላ ሁሉም ነገር እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ቀሪው ሥራ በባዶ እጅ በሚነካ ብረት ነው የሚሠራው። ሴንሰር ካለ ሶኬቱን አስቀድማችሁ ንቀሉ። ማርሚታውን ከሻንሲው ጋር የያዘውን ቡሎን ፍቱ፣ አንድ ሰው ከሥር ይደግፈው፤ ክብደቱ በሁለቱ ዘንጎች ላይ እንዳይንጠለጠል። ከዚያ ቱቦውና ማርሚታው አንድ ላይ ወደፊት ተስቦ ይወጣል።

ቱቦው ሲወጣ የጭስ መውጫው አፍ ክፍት ይቀራል። ውስጡ ቫልቩ ነው ያለው። አንዲት ጠጠር ከገባች ጉዳቱ ትልቅ ነው። ንጹህ ጨርቅ ወትፉበት፣ ጨርቁም ጫፉ ረዘም ብሎ ወደ ውጪ የሚታይና ቀለሙ ደማቅ ይሁን፤ ስትገጥሙ እንዳይረሳ። አፉ ላይ የመዳብ ወይም የግራፋይት ቀለበት ታገኛላችሁ፣ ጋራዥ ውስጥ ጓርኒሲዮን የሚሉት ነው። እሱ አንዴ ከተጨፈለቀ አያገለግልም። አዲስ ግዙ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ አሮጌውን መልሶ መግጠም ግን ጭስ ያስተነፍሳል።

መጠቅለል

ቱቦውን ፀሐይ ላይ አውጡትና መርምሩት። ስንጥቅ ካለ፣ የብየዳው ዙሪያ ጥቁር የጥላሸት መስመር ካለ፣ አሁን አስበይዱት። ከተጠቀለለ በኋላ ማንም አያየውም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በሻካራ ወረቀት አንሱ፣ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ሳይሆን በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት። ተራ ብረት ከሆነ 600 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚችል የሙቀት ቀለም ቀቡት። ዝገቱን ጨርሶ አያስቆመውም፣ ያዘገየዋል። የዘይት ጠብታ እንኳ አይቅርበት።

አሁን ልብስ። ፋይበር ግላስ ዓይን በማያየው ስብርባሪ ይበናል፣ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ያሳክካል። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ ማስክ። ልጆችን አርቁ። ስትጨርሱ እጃችሁን ሳትፈትጉ በቀዝቃዛ ውሃ አስፈስሱበት፣ ልብሱን ለብቻው እጠቡት። ፋይበር ግላሱን ለጥቂት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ብናኙ ይቀንሳል፣ ጨርቁም ለስላሳ ሆኖ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይጠብቃል። የባዛልቱ ሳይነከርም ይጠቀለላል።

ከየት ይጀመር? ጣሪያ ቆርቆሮ ሲመታ ከታች ነው የሚጀመረው፤ የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ እንዲደረብ፣ ውሃው ሳይገባ እንዲንሸራተት። ሣር ቤት ሲከደንም እንደዚያው። ጭስ ማውጫም በዚያው ሕግ ይሄዳል። ከማርሚታው በኩል ጀምራችሁ ወደ ቴስታታው ውጡ። ያኔ ዝናቡም ከፊት የሚመጣው ነፋስና ጭቃም በድርቡ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ከድርቡ ሥር አይገባም። በተቃራኒው የሚጀምሩ ሰዎች አሉ፣ ክረምት ሲመጣ ልዩነቱን ያዩታል።

የመጀመሪያውን ዙር ሙሉ በሙሉ በራሱ ላይ ደርባችሁ በአይዝጌ ብረት ማሰሪያ እሰሩት፣ ፋሸታውም ሆነ የብረት ቀበቶው አይዝጌ ይሁን። ተራ ጋልቫናይዝድ ሽቦ አትጠቀሙ፤ ዚንኩ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ ሽቦው ዝጎ ይበጠሳል። ከዚያ ፋሻውን አንድ እጃችሁ እየጎተተ፣ ቱቦውን እንደ እንዝርት እያዞራችሁ ሂዱ። ቱቦውን ማዞር ፋሻውን ከማዞር ይቀላል። ሁልጊዜ ተወጥሮ ይቆይ። ጠመዝማዛው ጋ ስትደርሱ በውስጠኛው ጎን ድርቡ ይበዛል፣ በውጪኛው ይሳሳል። ስለዚህ ውጪውን እያያችሁ ነው የምትመሩት፤ እዚያ ብረት እንዳይታይ። ከቴስታታው ጋ ለዳዶዎቹ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ትታችሁ ጨርሱ። ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ እሰሩት፣ የማሰሪያው ሹል ጫፍ ወደ እግር በኩል እንዳይሆን አዙሩት። የእኔ ባለፈው አንድ ሱሪ ቀዶብኛል።

መግጠምና የመጀመሪያው ጭስ

የወተፋችሁትን ጨርቅ አውጡ። አዲሱን ቀለበት አስገቡ፤ አልቆም ካለ ትንሽ ግራሶ ይዞ ያቆየዋል። ሁሉንም ዳዶና ቡሎን መጀመሪያ በጣታችሁ ብቻ አስገቡ። ከዚያ የቴስታታውን ሁለት ዳዶዎች ተራ በተራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር፣ እኩል አጥብቁ። የማርሚታው ቡሎን የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድማችሁ ካጠበቃችሁት ቱቦው ተወጥሮ ይቀርና ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል።

ምን ያህል ይጠብቅ? የሞተራችሁ መመሪያ ያለው ቁጥር ይበልጣል። በአጠቃላይ ግን ባለ 6 ሚሊ ሜትር ዘንግ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ባለ 8ቱ 20 አካባቢ። 10 ኒውተን ሜትር ማለት 20 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ስኳር ማንጠልጠል ነው። ብዙ አይደለም። የምንቆርጠው ከዚያ ስለምናልፍ ነው።

ሞተሩን ሜዳ ላይ አስነሱት፣ የታፈነ ክፍል ወይም ሰርቪስ ቤት ውስጥ በፍጹም። የሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፣ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። በዚያ ላይ አዲሱ ፋሻ ራሱ ይጨሳል። ጨርቁ ሲሸመን የተቀባው ማያያዣ ነው የሚቃጠለው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች ይጨሳል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ይተዋል። ከሳምንት በኋላም የሚጨስ ከሆነ ከሞተሩ ዘይት እየተንጠባጠበበት ይሆናል። ዘይት የጠጣ ፋሻ እንደ ኩራዝ ክር ነው። ወዲያው አውልቁት፣ የሚያፈሰውንም አስጠግኑ።

ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በቴስታታው መገናኛ ዙሪያ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ከተነፋ ጭስ ያስተነፍሳል። ነዳጅ ስትለቁ «ጠ ጠ ጠ» የሚል ተኩስ ከጀመረም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ በክፍተቱ አየር ገብቶ ያልተቃጠለው ቤንዚን ቱቦው ውስጥ ይቀጣጠላል። ሞተሩን አቀዝቅዛችሁ ዳዶዎቹን እንደገና እዩ። ለነገሩ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉዞዎች በኋላ ሁሉንም ማሰሪያ መፈተሽ የግድ ነው፤ አዲሱ ቀለበት ሲጨፈለቅ ዳዶው ይላላል።

ከዚያ በኋላ አያያዙ ከባድ አይደለም። ሞተሩን ስታጥቡ በኃይል የሚረጭ ውሃ ፋሻው ላይ አታድርጉ። ዝናብ ከመታችሁ፣ ቤት ስትደርሱ ሞተሩ ግቢው ሜዳ ላይ አምስት ደቂቃ ይሥራ፣ ፋሻው ይድረቅ።

እኔ ፋሻዬን መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ እፈታዋለሁ። ዘንድሮ ስፈታው ከታችኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ፣ የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ዝገት አገኘሁ። ጣቴን ብጫነው ጠንካራ ነው፣ ገና አልበላውም። ፈግፍጌ፣ ቀለም ደርቤ፣ በአዲስ ፋሻ ጠቀለልኩት። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቆማ ማሰሪያዎቹን ታቀብለኝ ነበር። አሁን በግራ በኩል ነው የምትወርደው፤ እኔ ሳልነግራት ራሷ ለታናሽ ወንድሟ «በዚህ፣ በዚህ በኩል» ስትለው ሰምቻለሁ።